ሸኽ መዳር፦ በጎሳ ጦር መካከል የሰላም መንደር የመሠረቱ ዓሊም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ስለ ሶማሌ ሕዝብ በየጋዜጣው የሚጻፈውን ላስተዋለ ሰው ዜናው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጎሳ ከጎሳ ተታኮሰ፣ ጉባኤ ተጠርቶ ተበተነ፣ ስደተኛ ድንበር ተሻገረ ይባላል። ይህን ዘወትር የሚሰማ አንባቢ ሶማሌና ሰላም ተገናኝተው የማያውቁ ይመስለዋል። እርቅ ከውጭ በአውሮፕላን ተጭኖ ካልመጣለት በቀር ከራሱ ምድር የማይበቅልለት ሕዝብ አድርጎም ያየዋል። ይህ አመለካከት ትልቅ ስሕተት ነው። ስሕተትነቱን ለማሳየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከእኛው ከሐረር ዑለማዎች እግር ሥር ተምረው የወጡ የአንድ ሰው ሕይወት ይበቃል። እኚህ ሰው የሐርጌሳው ሸኽ መዳር ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

በሐርጌሳ ስማቸውን የማያውቅ የለም። በእኛ ከተሞች ግን የሐረርን ዑለማዎች ስም በኩራት የምናነሳው ሰዎች እንኳ ሐረር ያስተማረቻቸው ደረሶች የት እንደ ደረሱና ምን እንደ ሠሩ ጠይቀን አናውቅም። የዛሬው ጽሑፍ ዓላማ ይህን ክፍተት በመጠኑ መሙላትና ከሕይወታቸው ለራሳችን ዘመን የሚሆን ትምህርት መፈለግ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለዱበት አገርና ዘመን

ሸኽ መዳር የተወለዱት በ1825 ገደማ፣ በሰሜናዊው የሶማሌ ምድር በኢሳቅ ጎሳዎች አገር ነው። ያ ዘመን በዚያ አገር መንግሥት የሚባል ነገር ያልነበረበት ዘመን ነው። ሰዉ የሚኖረው በግመል፣ በበግና በፍየል እርባታ ነው። ዝናብ ሲጥል ሣር ወዳለበት ይሰፍራል፤ በጋው ሲጠና ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ግጦሹ የሁሉም ነው፤ ጉድጓዱ ግን ቆፋሪ፣ ቆፋሪውም ጎሳ አለው። ስለዚህ ድርቅ በመጣ ቁጥር ጠብ ይመጣል። አንድ እረኛ በአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ቢገደል የሞተው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የገዳዩ ዘመዶች በሙሉ ባለ ዕዳ፣ የሟቹ ዘመዶች በሙሉ ባለ ደም ይሆናሉ።

የዚህ ሕዝብ መተዳደሪያ «ሔር» የሚባለው የጎሳ ውል ነው። በዚህ ውል መሠረት የደም ካሳ በአንድነት የሚከፍሉና በአንድነት የሚቀበሉ ዘመዳሞች አሉ። የአንድ ወንድ ደም 100 ግመል፣ የአንዲት ሴት ደም 50 ግመል ተብሎ ይተመናል። ቁስሉም፣ ስድቡም እንደየመጠኑ ካሳ አለው። ሥርዓቱ ጥበብ እንዳለበት አይካድም፤ ያለ ፖሊስና ያለ እስር ቤት ብዙ ደም አድርቋል። ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት ነበረበት። ካሳው የሚከፈለው የሟቹ ወገን ለማስከፈል የሚያስችል ክንድ ሲኖረው ነው። ወገኑ ጥቂት የሆነ፣ ከሩቅ የመጣ ባይተዋር ወይም ባርያ የነበረ ሰው ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሶማሌዎች ወንዶቻቸውን በሁለት ይከፍላሉ። አንደኛው «ወረንሌ» ይባላል፤ ባለ ጦር ማለት ነው። ሁለተኛው «ወዳድ» ይባላል፤ የሃይማኖት ሰው ነው። ወዳድ ጦር አይዝም፣ በዘመቻ አይወጣም፣ ሌሎች ሲዋጉም አይነካም። በጦርነት ጊዜ እንዳይነኩ በልማድ ከታገዱት፣ ከሴቶች፣ ከሕፃናት፣ ከሽማግሌዎችና ከእንግዶች ተርታ ይቆጠራል። ወጣቱ መዳር በዚህ ምድር ተወልዶ ሁለተኛውን መንገድ መረጠ።

ሐረር የገቡት ደረሳ

መዳር ቁርኣን ከቀሩ በኋላ በመጀመሪያ በወደብ ከተማይቱ በበርበራ፣ ከዚያም በሐረር ተምረዋል። ሐረር ያን ጊዜ በራሷ አሚሮች የምትተዳደር ነጻ ከተማ ነበረች። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ወደ ከተማይቱ ሲገባ በጀጎል ግንብ የታጠረች፣ ለባዕድ የማትመች፣ ነገር ግን በዒልም የታወቀች ከተማ አግኝቷል። ከሐረሪው ሌላ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ ሶማሌው ደረሳ በዚያች ጠባብ ከተማ ይሰበሰብ ነበር። የሻፊዒይ ፊቅህ፣ ነሕው፣ ተፍሲር በየዓሊሙ ቤት ይቀራል። ደረሳው የሚበላው ከከተማው ሕዝብ ቤት ነው። የወሎን ሐሪማ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሥርዓት ለመገመት አይቸገርም።

መዳር በዚያ ያገኟቸው ታላቁ መምህራቸው ከቢር ኸሊል ይባላሉ። «ከቢር» ሐረሪዎች ለታላቅ መምህር የሚሰጡት ማዕረግ መሆኑ ይታወቃል። ከቢር ኸሊልና በጊዜው የነበሩት የሐረር ዑለማዎች አንድ ቁም ነገር ነበራቸው። ደረሳው ተምሮ ሲያበቃ በከተማው ግንብ ውስጥ ተደላድሎ እንዲቀር አይፈልጉም፤ ወደ ወጣበት ሕዝብ ተመልሶ እንዲያስተምር ያሳስቡት ነበር። መዳርም በዒልሙና በቃዲሪያ ጠሪቃ ከታነጹ በኋላ ይህንኑ አደራ ተቀብለው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሸኹ በሐረር የተማሩት ኪታብ ብቻ አልነበረም፤ ከተማም ተምረዋል። ቋንቋውና ዘሩ የተለያየ ሰው በአንድ ግንብ ውስጥ፣ በአንድ ሸሪዓ፣ በአንድ ገበያ እንዴት እንደሚኖር በዓይናቸው አይተዋል። ከግመል እረኛ አገር ለመጣ ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በኋላ የመሠረቱትን መንደር አንዳንዶች ትንሿ ሐረር ብለው የጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሐርጌሳ ስትመሠረት

በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሸኽ መዳር ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ዛሬ ሐርጌሳ በምትባለው ስፍራ ሰፈሩ። ስፍራው ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ ወደ ኦጋዴንና ወደ ሐረር በሚወስደው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ላይ ነው። በአጠገቡ ያለው ወንዝ በበጋ ቢደርቅም አሸዋውን ለሚቆፍር ሰው ውኃ ይሰጣል። ሜዳው ዝናብ ካገኘ ማሽላ ያበቅላል። የግመል ጎሳዎች ለከብት ውኃ ማጠጫ እንጂ ለሌላ የማይመኙት ይህ መሬት ለሸኹ ዓላማ ተስማሚ ነበር።

የመሠረቱት ጀማዓ ይባል ነበር፤ በኋላም ትልቁ ጀማዓ ተብሎ ታወቀ። ጀማዓ በሶማሌ ምድር የቃዲሪያም ሆነ የሌሎች ጠሪቃዎች ሸኾች የሚመሠርቱት ሰፈር ነው። ዓይነቱ ግን ከተራ መንደር የተለየ ነው። መሬቱን አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ጎሳ ለአላህ ብሎ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜም የሚሰጠው ሁለት ጎሳዎች በሚዋሰኑበትና በሚጣሉበት ድንበር ላይ ያለ መሬት ነው። የሰጪዎቹ ብልኀት ግልጽ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢይዘው ጦርነት የሚያስነሳ መሬት የሃይማኖት ሰዎች ሲይዙት ለሁለቱም ጋሻ ይሆናል። ዛሬ ባለሙያዎች ግጭትን አስቀድሞ መከላከል የሚሉትን ነገር እነዚህ ያልተማሩ የሚባሉ ሽማግሌዎች አንድ መሬት በመስጠት ይፈጽሙት ነበር።

ወደ ጀማዓው የገባ ሰው የማን ልጅ ነህ ተብሎ አይጠየቅም። በሐርጌሳው ጀማዓ ከልዩ ልዩ ጎሳ የመጡ ሰዎች፣ የጎሳቸው ክንድ የማይጠብቃቸው ደካሞችና ባይተዋሮች በአንድነት ኖረዋል። የሚዳኙትም በጎሳ ውል ሳይሆን በሸሪዓ ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በሔሩ ሥርዓት ሆነ ብሎ የገደለ ሰው ካሳ በዘመዶቹ ሁሉ ላይ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ ገዳዩ ራሱ የሚሰማው ሸክም ትንሽ ነው። በሸሪዓ ግን ዘመድ የሚያግዘው በስሕተት በተፈጸመ ግድያ ነው፤ ሆነ ብሎ የገደለ ሰው በራሱ ይጠየቃል። ለሟቹ ወራሾችም የመቅጣት፣ ካሳ የመቀበል ወይም ይቅር የማለት ምርጫ ይሰጣቸዋል። ሰው በሥራው እንጂ በዘሩ አለመጠየቁ ብዙ የደም ሰንሰለት የሚበጠስበት ቁልፍ ነው።

የሸኹ ጀማዓ በምጽዋት ብቻ የሚኖር አልነበረም። ደረሳው ከኪታቡ ጎን ማሽላ ያርሳል። ይህም ጀማዓውን ከማንም እጅ እንዳይጠብቅ አድርጎታል። በ1890ዎቹ በዚያ ያለፉ የኤውሮፓ መንገደኞች በእሾህ አጥር የተከበበ፣ ብዙ መቶ ጎጆዎች ያሉበት፣ ዙሪያውን በማሽላ እርሻ የተሸፈነ መንደር አግኝተዋል። ከሁሉ ይልቅ ያስገረማቸው በመንደሩ ውስጥ ያዩት የዓይነ ስውራንና የአካለ ስንኩላን ብዛት ነው። እነዚህ ሰዎች ከየአቅጣጫው መጥተው በሸኽ መዳርና በደረሶቻቸው ጥላ ሥር ይኖሩ ነበር። በከብት ተከትሎ በሚሰደድ ሕዝብ መካከል መራመድ የማይችል ሰው ዕጣው ምን እንደሆነ መገመት ቀላል ነው። ሐርጌሳ ዛሬ ትልቅ ከተማ ናት፤ መሠረቷ ግን መራመድ ያቃታቸውን ሰዎች የተቀበለ መንደር ነው።

ደም እንዴት ይደርቅ ነበር

ሸኽ መዳርን የመሰሉ ወዳዶች በሁለት ባለ ደም ወገኖች መካከል ሲገቡ ሥልጣን ይዘው አይገቡም። ፍርዱን የሚሰጡት የጎሳ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ካሳውንም የሚከፍለው ጎሳው ነው። የሸኹ ድርሻ ከዚህ የቀደመ ነው። ማንም ወገን መልእክተኛ ቢልክ እንደ ፈሪ በሚቆጠርበት ሰዓት ሸኹ ግን ሳይጠሩት ሊሄድ ይችላል። ጦር ስለማይዝ አይፈራም፤ ከካሳው ስለማይካፈል አይጠረጠርም። ሁለቱም ወገኖች ከእርሱ ዘንድ ልጆቻቸውን ያስቀራሉ፤ ኒካሕና ውርስ የሚፈጽምላቸው፣ ሙታናቸውንም የሚሰግድባቸው እርሱ ነው። የእርሱን ዱዓ ይሻሉ፤ እርግማኑንም ይፈራሉ። በዚህ ምክንያት አንደኛው ወገን በሸኹ ፊት ቢለዝብ ለጠላቱ እንደ ተንበረከከ አይቆጠርበትም። ለአላህ ብሎ ተመለሰ ይባላል። ክብሩን ሳይጥል መመለስ የሚችልበትን በር ያገኘ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ጀማዓው ራሱም ሥራ ነበረው። በቀል የሚያሳድደው ሰው ወደ ጀማዓው ከገባ ንዴት እስኪበርድና ሽማግሌ እስኪገባ ድረስ ከሞት የሚሸሸግበት ቦታ ያገኛል። ነጋዴውም ዕቃውን አራግፎ የሚያድርበት ሰላማዊ ስፍራ ያገኛል። ቀስ በቀስም ጎሳዎቹ የሚገናኙበት ቦታ ጦር ሜዳና ጉድጓድ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ገበያና መስጊድም ሆነ። ሰው የሚገበያይበትን ቦታ ለማቃጠል ሁለት ጊዜ ያስባል።

ቁርኣን ሁለት የምእመናን ወገኖች ቢጋደሉ በመካከላቸው እንድናስታርቅ፣ ስናስታርቅም በፍትሕ እንዲሆን እንደሚያዘን እናውቃለን። ብዙዎቻችን ግን ትእዛዙን የምናስታውሰው ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ ነው። የሸኽ መዳር ሥራ የሚያስተምረው ማስታረቅ ከጠቡ በፊት የሚጀመር መሆኑን ነው። በደህናው ጊዜ የሁለቱን ወገን ልጆች በአንድ ሉሕ ያላስቀራ ሰው በክፉው ጊዜ ተነሥቶ አስታራቂ ልሁን ቢል የሚሰማው የለም።

በኃያላን መካከል

የሸኹ ዕድሜ ረጅም ነበር፤ በዚያ ዕድሜም አገራቸው ከአራት አቅጣጫ ስትናጥ አይተዋል። በ1875 የግብጽ ጦር ሐረርን ያዘ። ግብጾች በ1885 ለቀው ሲወጡ ከተማይቱ ለጥቂት ጊዜ ወደ አሚሯ ተመለሰች። በጥር 1887 ደግሞ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በምኒልክ እጅ ወደቀች፤ ራስ መኮንንም አስተዳዳሪዋ ሆኑ። በባሕሩ ወገን እንግሊዞች ከ1884 ጀምሮ ከኢሳቅና ከሌሎች ጎሳዎች ጋር ውል እየተዋዋሉ ጠረፉን ያዙ። በ1897 የእንግሊዝ መልእክተኛና የኢትዮጵያ መንግሥት በተፈራረሙት ውል ከሐርጌሳ በስተደቡብ ያለው ሰፊ የግጦሽ ምድር በሁለት መንግሥታት ተከፈለ። ግመሎቹ ከዚያ በኋላም እንደ ልማዳቸው ወዲያና ወዲህ መሄዳቸውን አልተዉም፤ ባለቤቶቻቸው ግን ሳያውቁት የሁለት አገር ሰዎች ሆኑ።

በዚህ ሁሉ መካከል ትንሿ መንደር ሳትጠፋ መቆየቷ ቀላል ነገር አይደለም። ዙሪያዋ የተሠራው አጥር የእሾህ እንጂ የድንጋይ አልነበረም። የጠበቃት ሁሉም የሚጠቀምባት መሆኗ ነው።

የወንድማማቾች ደም

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው ግን ከባዕድ አልነበረም። ከሙስሊሞች መካከል ነው። ሰይድ ሙሐመድ ዐብዱሏህ ሐሰን መካ ሄደው የሳሊሂያን ጠሪቃ ከተቀበሉ በኋላ በ1895 ወደ በርበራ ተመለሱ። በ1899 ደግሞ ደርዊሽ የተባሉ ተከታዮቻቸውን ይዘው በእንግሊዞች ላይ ጦርነት ዐወጁ። ጦርነቱ እስከ 1920 ድረስ፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆየ። ሰይዱ ለአገራቸው ነጻነት ያደረጉት ተጋድሎ በታሪክ የተመዘገበና የሚከበር ነው። ከእንግሊዝም፣ ከጣልያንም፣ ከኢትዮጵያም ጦር ጋር ተዋግተዋል። በመጨረሻም እንግሊዞች በአውሮፕላን ምሽጋቸውን ከደበደቡ በኋላ ወደ ኦጋዴን ሸሽተው በዚያው ዓመት ማብቂያ በኢሚ በሕመም ዐርፈዋል።

እውነት መነገር ካለበት ግን የዚያ ጦርነት ብዙው ደም የፈሰሰው በሶማሌና በሶማሌ፣ በሙስሊምና በሙስሊም መካከል ነው። በቃዲሪያና በሳሊሂያ መካከል በዒልም ክርክር የጀመረው ልዩነት አንዱ ሌላውን ከእስልምና እስከ ማስወጣት ደረሰ። ከእስልምና የወጣ ነው የተባለ ሰው ደሙ ርካሽ ይሆናል። የዚህ መጨረሻ በሚያዝያ 1909 ታየ። በ1847 በበራዌ የተወለዱት፣ ባግዳድ ድረስ ሄደው የተማሩት፣ ከሶማሌ ደቡብ እስከ ዛንዚባር ድረስ እጅግ ብዙ ሰው ወደ ዲን ያቀረቡት ታላቁ የቃዲሪያ ሸኽ ኡወይስ ቢዮሌ በተባለ ስፍራ ከተከታዮቻቸው ጋር በደርዊሾች እጅ ተገደሉ። ገዳዩም ሟቹም ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ ነበሩ።

ሸኽ መዳርና ጀማዓቸው የደርዊሾቹን ጎራ አልተቀላቀሉም። ይህን አቋማቸውን ዛሬ ላይ ሆኖ የሚነቅፍ ሊኖር ይችላል፤ ባዕድ አገር ሲይዝ እንዴት ዝም ይባላል የሚል ጥያቄም ሚዛን የሚደፋ ጥያቄ ነው። ይህ ጸሐፊም ጥያቄው በቀላሉ የሚዘጋ ነው ብሎ አያምንም። ነገር ግን ከጥያቄው ጎን ሌላ እውነት ማስቀመጥ ግድ ነው። እንግሊዞች በ1910 ከመሐል አገር ለቀው ወደ ጠረፍ ሲያፈገፍጉ ለወዳጅ ጎሳዎች ጠመንጃ አድለው ሄዱ። ጠመንጃው በደርዊሾች ላይ ብቻ አልተተኮሰም፤ የቆየ ቂም ሁሉ ተቀሰቀሰበት። ጎሳ ጎሳውን ዘረፈ፣ ረኃብ ተከተለ። በዚያ እልቂት ከአገሩ ወንዶች ሲሶው እንዳለቀ ይገመታል። ሶማሌዎች ያን ዘመን ሐራም የተበላበት ዘመን ብለው ያስታውሱታል። እንዲህ ባለ ጊዜ በአገሩ ላይ ጦር የማይገባበት፣ ማሽላ የሚታረስበትና ቁርኣን የሚቀራበት አንድ መንደር መኖሩ ለስንቱ ነፍስ መትረፊያ እንደሆነ አላህ ያውቃል።

ሸኽ መዳር በ1917 ገደማ፣ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ካለፈ በኋላ ወደ አኺራ ሄዱ። የተቀበሩትም በመሠረቷት ከተማ በሐርጌሳ ነው። ጦርነቱ ያን ጊዜ ገና አላበቃም ነበር። እርሳቸው ሰላምን በአገሩ ሁሉ አላዩም፤ ያዩት በሚደርስ እጃቸው መጠን የሠሩትን ብቻ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ

መንደሪቱ አደገች። በ1941 የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሆነች። ከነጻነት በኋላ ግን መጥፎ ዘመን ጠበቃት። በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት የገዛ አገሩን ከተማ በመድፍና ከከተማይቱ በራሷ አውሮፕላን ማረፊያ በተነሡ አውሮፕላኖች ደበደበ። ብዙ ሺህ ሕዝብ አለቀ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። በሐርተሼኽ የነበረውን የስደተኞች መንደር ከእኛ አንባቢዎች መካከል በዓይናቸው ያዩት ይኖራሉ።

ወደ ፈረሰው አገር የተመለሱት ሰዎች በ1992 እርስ በርሳቸው መታኮስ ጀመሩ። ያን ጊዜ የሰሜኑ ጎሳዎች ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሼኽ በምትባለው ከተማ፣ ቀጥሎም ከጥር እስከ ግንቦት 1993 በቦረማ ተሰበሰቡ። በቦረማ ድምፅ የነበራቸው 150 ሽማግሌዎች ናቸው። ጉባኤው አራት ወር ያህል ቆየ። የተሰበሰበውን ሕዝብ በአብዛኛው ያበላውና ያስጠጋው የአገሩ ሰው ራሱ ነው። በጊዜው የዓለም መንግሥታት ብዙ ገንዘብና ብዙ ሺህ ወታደር ወደ ሞቃዲሾ ልከው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ይልቅ ፍሬ ያፈራው በቦረማ በዛፍ ጥላና በአዳራሽ የተደረገው ትዕግሥት የተመላበት ንግግር ነበር። እርግጥ ከዚያም በኋላ ከ1994 ጀምሮ በሐርጌሳ እንደገና ጦርነት ተነሥቶ ነበር፤ እንደገናም በእርቅ ተዘጋ። ሰላም አንድ ጊዜ ተፈርሞ የሚያልቅ ነገር ሳይሆን እንደ ማሽላው በየዓመቱ የሚታረስ ነገር ነው።

በዚያው በ1993 በሰሜን ኬንያ በዋጅር የሚኖሩ የሶማሌ ሙስሊም ሴቶች ሌላ ምሳሌ አሳዩ። ጎሳዎቹ ሲገዳደሉ ገበያውም በጎሳ ተከፍሎ ነበር። ጥቂት ሴቶች ተነሥተው ማንም ሴት ከማንም ጎሳ ሴት ላይ እንድትገዛና እንድትሸጥ፣ የሚከለክልም ካለ ለእነርሱ እንዲነገር አደረጉ። ከዚያ ወጣቱንና ሽማግሌውን ይዘው እርቁን አስፋፉት። ከእነርሱ አንዷ ደቃ ኢብራሂም ዐብዲ በ1964 ተወልደው በ2011 ያረፉ ሴት ናቸው፤ ሥራቸው በዓለም ዙሪያ ታውቆ በ2007 ታላቅ ሽልማት አግኝተዋል። የጀመሩት ግን ከገበያ ነው። ሸኽ መዳርም ሰዉን ያገናኙት በገበያና በመስጊድ እንደነበር ያስታውሷል።

ለእኛ የቀረው

ይህን ሁሉ የምንተርከው ያለፈን ሰው ለማወደስ ብቻ አይደለም። ሸኹ የነበሩበትን የጠሪቃ መንገድ በተመለከተ በአንባብያን መካከል የተለያየ አመለካከት እንዳለ እናውቃለን፤ ክርክሩ የዑለማ ነውና ለእነርሱ እንተወዋለን። ነገር ግን በየትኛውም ወገን ብንቆም ከቢዮሌ ደም የምንማረው አንድ ነው። የፊቅህና የዐቂዳ ክርክር ከኪታብ ወጥቶ ወደ ወንድም ስም ማጥፋት፣ ከስም ማጥፋትም ከእስልምና ወደ ማስወጣት ሲሻገር የሚቀጥለው እርምጃ የታወቀ ነው። በመስጊዶቻችን በር ላይ ይህን ድምፅ የሰማን ሁሉ ቀላል ነገር አድርገን ልናልፈው አይገባም።

ሌላም አለ። በ2017 እና በ2018 በኦሮሞና በሶማሌ ወንድሞቻችን መካከል በአገራችን በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ከሁለቱም ወገን የተፈናቀለው በአብዛኛው ሙስሊም ነው። በአንድ ጉድጓድ ውኃ የቀዱ፣ በአንድ ገበያ የዋሉ፣ አያቶቻቸው በሐረር በአንድ ከቢር ፊት የቀሩ ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን በከተማ ሆነን የተባረሩትን ለመርዳት ገንዘብ አዋጣን፤ ደግ አደረግን። ነገር ግን ከግጭቱ በፊት በነበሩት ዓመታት በሁለቱ ወገኖች ድንበር ላይ የሁለቱንም ልጆች በአንድነት የሚያስቀራ ስንት መድረሳ አቆምን? በሁለቱም ዘንድ የሚታመን፣ ከማንም የማይካፈል ስንት ዓሊም አሳደግን? ጥያቄው የሚከብደው መልሱን ስለምናውቀው ነው።

የሐረር ዑለማዎች ደረሶቻቸውን ወደየሕዝባቸው መልሰው ሲልኩ የሰጧቸው ወርቅም ጦርም አልነበረም። ዒልምና አደራ ነው የሰጧቸው። ከእነዚያ ደረሶች አንዱ ያን አደራ ይዞ በባለ ጦሮች መካከል ገባ፤ አርሶ በላ፣ ዓይነ ስውሩን አስጠጋ፣ ባለ ደሞችን አስታረቀ። ያቺ የእሾህ አጥር መንደር ብዙ መንግሥታት ሲመጡና ሲያልፉ አልጠፋችም። አደራው ዛሬም በሐረርም፣ በጅግጅጋም፣ በድሬዳዋም፣ በአዲስ አበባም ላለን ሁሉ ክፍት ነው።

አላህ ለሸኽ መዳር፣ ለመምህራቸው ለከቢር ኸሊልና በእርቅ መንገድ ላይ ለደከሙ ሁሉ ይዘንላቸው፤ ሥራቸውን ይቀበላቸው። የእኛንም ልብ ለእርቅ ያግራልን። ወላሁ አዕለም።